ሁለተኛዋን ጠርሙስ ልጣላት?

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ በልደቴ ሁለት ጠርሙስ ክራፍት ቢራ አመጣልኝ። ላዩ ላይ «ዳብል አይፒኤ፣ 8.5 በመቶ» ይላል። አንዱን ከፍሪጅ አውጥቼ ከነጠርሙሱ ስጎነጨው ምሬቱ እንደ ክኒን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ግማሹን ደፋሁት። ተበላሽቶ ይሆን? ሰዎችስ ምኑን ወደውት ነው የሚጠጡት? ሁለተኛዋን ጠርሙስ ልጣላት?

መልስ፦ እባክዎ አይጣሏት። እንደጻፉልኝ ከሆነ ቢራው የተበላሸ አይመስለኝም፤ የጎዳዎት አጠጣጡ ነው።

አይፒኤ መራራ የቢራ ዓይነት ነው፤ ዳብል አይፒኤ ደግሞ ከእሱ ጠንከር ብሎ፣ መራራ እንዲሆን ታስቦ የሚጠመቅ ቢራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቪኒ ሲሉርዞ የተባለ ጠማቂ የሆፑን መጠን ከተለመደው በእጥፍ ጨምሮ ከሠራው ወዲህ የቢራው ስም ገነነ። ሆፕ ደግሞ ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጥ አበባ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ጠማቂ የደረቀ የሆፕ አበባ መዳፌ ላይ አኑሮ «እሸው» አለኝ። ሳሸው ከቅጠሎቹ ሥር ያለው ቢጫ ዱቄት ጣቶቼ ላይ እንደ ሙጫ ተጣበቀ። መጀመሪያ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቀጥሎ ጥድ ጥድ ሸተተኝ፤ ታጥቤም ሽታው እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

ያ ዱቄት ሉፑሊን ይባላል። ምሬቱም መዓዛውም ያሉት እሱ ውስጥ ነው፤ አወጣጣቸው ግን ለየቅል ነው። ምሬቱ እንዲወጣ ሆፑ ከብቅሉ ውሃ ጋር አንድ ሰዓት ያህል መፍላት አለበት፤ በዚያ ሁሉ እሳት መዓዛው ተንኖ ያልቃል። ስለዚህ ጠማቂው እሳቱ ሊጠፋ ሲል ሌላ ሆፕ ይጨምራል፤ እርሾው ሥራውን ከጀመረ በኋላም እንደገና ሆፕ ይዘፈዝፍበታል። ይህ ሁሉ ልፋት ለአፍንጫዎ ነበር! ከጠርሙስ አንገት ሲጎነጩ አፍንጫዎ ከጨዋታው ውጭ ሆነ፤ ብርዱም መዓዛውንና የብቅሉን ጣፋጭነት አፈነው። ለእርስዎ የደረሰዎት ምሬቱ ብቻ ነው።

አሁን የቀረችውን ጠርሙስ ቀን ይመልከቱ። የሆፕ መዓዛ ቶሎ ይጠፋል፤ ከተጠመቀ ብዙ ወራት ካለፉት ወይም እርጥብ ካርቶን ከሸተተዎት በእርግጥም አርጅቷል። ደህና ከሆነ ከፍሪጅ አውጥተው ሩብ ሰዓት ያቆዩት። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይፈልጉ፤ የወይን ብርጭቆ ይበቃል። እስከ ግማሽ ብቻ ይቅዱና ከመጠጣትዎ በፊት ያሽትቱት። አረፋውን ለብቻው አይላሱ፤ ምሬቱ እዚያ ይከማቻል። ትንሽ ተጎንጭተው አፍዎ ውስጥ ካዞሩት በኋላ ይዋጡት፤ ከዚያ ከንፈርዎን ገጥመው በአፍንጫዎ ይተንፍሱ። የብርቱካኑ ልጣጭ የሚመጣው ያኔ ነው። በመጀመሪያው ጉንጭ አይፍረዱ፤ ምላስ ምሬቱን ለመልመድ ሁለት ሦስት ጊዜ ይፈልጋል።

ጥንካሬውን ግን አይናቁት። 330 ሚሊ ሊትር በ8.5 በመቶ ሲሰላ 28 ሚሊ ሊትር ገደማ ንጹሕ አልኮል ነው፤ 5 በመቶ የሆነው ያው ጠርሙስ ግን 16.5 ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ጓደኛዎን ጠርተው ለሁለት ቢካፈሉት ደስ ይለኛል። በሦስተኛው ጉንጭም ካልጣመዎት ድርሻዎን ለእሱ ይስጡት፤ ይህን ዓይነት ቢራ ጨርሶ የማይወዱ ጎበዝ ቀማሾች አውቃለሁ።