«ኤክስ ኤልም አልሆነኝም»

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ልብስ ልክ የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ሲሆን በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት አገለግላለሁ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ሰውነቴ ሞላ ብሏል እንጂ ጤናዬ ደህና ነው። ባለፈው ወር ለእህቴ ሠርግ የሚሆን ልብስ ፍለጋ ወጥቼ ከሰዓቱን ሙሉ ስዞር ዋልኩ። በአንዱ ሱቅ «ላርጅ» ሰፋኝ፤ በሚቀጥለው «ኤክስ ኤል» ዳሌዬ ላይ ቀረ፤ በሦስተኛው ደግሞ «ፍሪ ሳይዝ ነው፣ ለሁሉም ይሆናል» ተብዬ የሞከርኩት ቀሚስ ከትከሻዬ አልወርድ አለ። ሻጩ ልጅ በመጨረሻ «እህቴ፣ አንቺ ትንሽ ብትቀንሺ ነው እንጂ ዕቃው ምንም አይወጣለትም» አለኝ። ሱሪ ስገዛም ዳሌዬ ላይ ልክ የሆነው ወገቤ ላይ እጅ ያስገባል። እውነት ችግሩ የእኔ ሰውነት ነው? ቁጥሩስ ከሱቅ ሱቅ የሚለያየው ለምንድን ነው?
ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የሻጩን አስተያየት አስቀድሜ ላንሳው፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉም ይልቅ የከነከነኝ እርሱ ነውና። በአንድ ከሰዓት ሦስት ሱቅ ገብተው ሦስት ዓይነት ልክ ካገኙ፣ በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ የተለዋወጠው መለኪያው ነው፤ የእርስዎ ዳሌ እንደሆነ ከቤት እንደወጣ ነው የተመለሰው። ሜትሩ ከሱቅ ሱቅ የሚረዝምና የሚያጥር ጨርቅ ሻጭ ቢኖር መርካቶ በሙሉ በጮኸበት ነበር፤ በተሰፋ ልብስ ላይ ግን ይህንኑ ለምደነዋል።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቁ ንዴቱን ትንሽ ያበርደዋል። ልብስ በልክ በሚሰፋበት ዘመን ቁጥር የሚባል ነገር አያስፈልግም ነበር። ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ልብስ በብዛት ሰፍተው በፖስታ ጭምር መሸጥ ሲጀምሩ ግን ገዢዋን ሳያዩ ልኳን መገመት ግድ ሆነባቸው፤ ግምቱ በሳተ ቁጥርም ልብሱ እየተመለሰ ኪሳራ ያመጣባቸው ጀመር። በዚህ የተነሣ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር (የቤት አያያዝ ጥናት ክፍሉ በእርሱ ሥር ስለነበር) በ1939 እና በ1940 ሩት ኦብራየን እና ዊልያም ሼልተን በተባሉ ባለሙያዎች አማካይነት ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን በ59 ዓይነት ልኬት አስለካ። ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ይሁን እንጂ የተለኩት በፈቃዳቸው የመጡ ሴቶች ሲሆኑ፣ በስሌቱ ውስጥ የገባውም የነጮቹ ልኬት ብቻ ነበር። ይህን ጥናት ይዞ በ1958 የወጣው የመጠን ደረጃ አምራቾችን የሚያስገድድ አልነበረም፤ በ1983 ደግሞ ጭራሹን ተሻረ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ድርጅት የሚከተለው የራሱን ሠንጠረዥ ነው።

ድርጅቶቹም ደንበኛ የሚያስደስት ብልሃት አገኙ፤ ልብሱን እያሰፉ ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ። ቀድሞ 14 ይባል የነበረው ልብስ 8 ወይም 10 ተብሎ ሲሸጥላት ገዢዋ «ቀነስኩ» ብላ ደስ ብሏት ትሄዳለች። በዚህ ላይ የአገር ልዩነት ይጨመርበታል፤ ያው አንዱ ቀሚስ በጀርመን 38፣ በፈረንሳይ 40፣ በእንግሊዝ 12፣ በአሜሪካ 8 ሊባል ይችላል። በአዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ደግሞ የቱርኩ፣ የቻይናውና ከአውሮፓ በሰልባጅ የመጣው በአንድ መስቀያ ላይ ጎን ለጎን ይንጠለጠላሉ፤ ለእስያ ገበያ የተሰፋ ኤክስ ኤል ከአውሮፓው ሚዲየም ብዙም እንደማይበልጥ ነጋዴዎቹ ራሳቸው ያውቁታል። «ፍሪ ሳይዝ» የሚባለው ደግሞ አንድ መጠን ብቻ ተሰፍቷል ማለት ነው፤ የቀረውን ሻጩ የጨመረበት ነው።

ስለ ሱሪው የጠየቁት ግን ከቁጥር መለያየት ጠለቅ ይላል፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ይፍቀዱልኝ። ፋብሪካ ለእያንዳንዱ መጠን እንደ አዲስ ፓተርን (ጨርቁ የሚቆረጥበትን የወረቀት ንድፍ) አያወጣም። በአንድ መነሻ መጠን አንድ ፓተርን ይወጣና ድርጅቱ ለዚሁ ሥራ በቀጠራት በአንዲት ሴት ገላ ላይ ይሞከራል፤ ሌሎቹ መጠኖች የሚገኙት ያንኑ በማስፋትና በማጥበብ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በደረት፣ በወገብና በዳሌ ላይ እኩል አራት ወይም አምስት ሴንቲ ሜትር ይጨመራል። የሰው ገላ ግን እኩል አይጨምርም። አንዷ ስትወፍር ዳሌዋ ላይ ይታያል፣ ሌላዋ ሆዷ ላይ፣ ሌላዋ ክንዷና ደረቷ ላይ፤ ትከሻ ደግሞ አጥንት ነውና ባለበት ይቆያል። በትልልቆቹ ቁጥሮች የትከሻው ስፌት ወርዶ ክንድ ላይ የሚንጠለጠለው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎቹ ሠንጠረዦች ዳሌ ከወገብ በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ እንዲበልጥ ይጠብቃሉ። ወገቧ 80፣ ዳሌዋ 114 የሆነች ሴት ልዩነቷ 34 ነው፤ ይህች ሴት አምስት ኪሎ ቀነሰችም ጨመረችም ሱሪው ወገቧ ላይ እጅ ማስገባቱን አይተውም።

እንግዲህ ለሠርጉ እንድረስ። ከስፌት ዕቃ መሸጫ አንድ ሜትር ይግዙና፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ሆድዎን ሳይስቡ፣ ሌላ ሰው ያስለኩዎት፤ ደረትን ሞላ ያለበት ላይ፣ ወገብን የጠበበበት ላይ፣ ዳሌን ደግሞ ከወገብ አጥንት ዝቅ ብሎ በጣም የሰፋበት ላይ። ብዙ ሰው የሚረሳው የክንድ ውፍረትም ይለካ። ከዚያ ቤት ካለው ልብስ በደንብ የሚሆንዎትን አልጋ ላይ ዘርግተው ከብብት እስከ ብብት ይለኩትና በሁለት ያባዙት። የማይለጠጥ ጨርቅ ከደረትዎ ልክ ስድስት ወይም ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል ካልበለጠ ቆመው ፎቶ ሊነሡበት ይችላሉ፤ ተቀምጠው መብላት ግን ያስቸግራል፤ ሠርግ ላይ ደግሞ ይበላል። ሜትሩን ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙት። ሱቅ ሲገቡ ምልክቱን ትተው ልብሱን ይለኩ፤ መልበሻ ክፍል ሳይገቡ ግማሹን መልሰው ይሰቅሉታል።

ሲገዙም የሰፋውን የገላዎን ክፍል ይዘው ይግዙ፤ የቀረውን ልብስ ሰፊ ያጠበዋል። ማጥበብ ቀላል ሲሆን ማስፋት ግን ጨርቅ ይፈልጋል፤ የፋብሪካ ልብስ ደግሞ ውስጡን ቢገለብጡት ከስፌቱ ወዲያ የተረፈው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለሱሪው፣ ልብስ ሰፊው ቀበቶ የሚገባበትን የወገብ ጨርቅ ከኋላ ፈትቶ መካከለኛውን ስፌት ወደ ታች ያጠበዋል። እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ድረስ አይታወቅም፤ ከዚያ ካለፈ የኋላ ኪሶቹ ስለሚቀራረቡ ልዩነቱን ወደ ጎን ስፌቶችም እንዲያካፍለው ይንገሩት። ኮት ግን ትከሻው ልክ ካልሆነ ዋጋው ቢረክስም አይግዙ፤ ትከሻ ማስተካከል ኮቱን እንደገና ከመስፋት አይተናነስም።

ሥራውን ያስተማሩኝ አዛውንት ልብስ ሰፊ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንደ ማተብ አንጠልጥለው ይውሉ ነበር። ደንበኛ ገብታ «ስንት ቁጥር ልሁን?» ስትላቸው ሳይመልሱ «ክንድሽን አንሺ» ይላሉ።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጅ አለችኝ። ስልኳ ላይ ሞዴሎችን እያየች «ወፍራም ነኝ» ማለት ከጀመረች ቆየች፤ በእኔ ዓይን ግን ቀጭን ናት። ዐቢይ ጾም ከተፈታ በኋላም «ጾሙ ለምዶብኝ ነው» እያለች ቁርስም ምሳም እየተወች ነው። ከሰፊ ሹራብ በቀር የምትለብሰው የለም፤ ስቆጣት ክፍሏን ትዘጋብኛለች። እኛ በልጅነታችን «ወፈርሽ» ሲሉን ደስ ይለን ነበር፤ አሁን ምን መጣ?
እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እናቴ፣ ስለ ልብስ ከማውራታችን በፊት ልጅዎን ሐኪም ይያት። ለሳምንታት ምግብ የምትተው ልጅ ራሷን የሚያዞራት፣ ሁልጊዜ የሚበርዳት፣ ፀጉሯ የሚነቀል ወይም የወር አበባዋ የቀረ ከሆነ ጉዳዩ ቀጠሮ አይሰጠውም። ምግብን በዚህ መንገድ መተው ሕክምና ያለው ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ግትርነት ወይም ጥጋብ ብለው አይውሰዱት። ቁጣውን ይተዉት፤ በሰው ፊት ስለ ገላዋ፣ ስለራስዎም ገላ ቢሆን፣ በክፉም በደጉም አይናገሩ። ጾሙን በሚመለከት የንስሐ አባታችሁ የልጅቷን ሁኔታ ይወቁት፤ ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልለት እርሳቸው ሲነግሯት ከእርስዎ ይልቅ ትሰማቸዋለች።

በስልኳ ስለምታያቸው ሴቶች ግን ልትነግሯት የሚገባ ነገር አለ። ለትርዒት የሚቀርብ ልብስ የሚሰፋው የሚለብሰው ሰው ገና ሳይታወቅ፣ በአንድ ጠባብ የናሙና መጠን ነው። ከዚያ ልብሱ የሚገባባት፣ ቁመቷ ከ175 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነች ልጅ ትፈለጋለች፤ ብዙውን ጊዜም የምትገኘው ዕድሜዋ ከእርስዎ ልጅ እምብዛም የማይበልጥ፣ ገላዋ ገና በወጉ ያልሞላ ልጅ ናት። ያው ልብስ ለመጽሔት ፎቶ ይላካል፤ 40 ዓመት የሞላቸው ሴቶች የሚገዙትም እርሱኑ ነው። ሥራው ባለሙያዎቹን ራሳቸውን ይጎዳል፤ በ2006 የኡራጓይዋ ሞዴል ሉይሴል ራሞስ እና የብራዚሏ አና ካሮሊና ሬስተን በወራት ልዩነት ሞቱ፤ ሁለቱም ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። በዚያው ዓመት የማድሪድ የፋሽን ሳምንት ከሲታ ሞዴሎችን መድረክ ከለከለ። በ2012 የእስራኤል ፓርላማ ባወጣው ሕግ አንዲት ሞዴል ለመሥራት የክብደቷና የቁመቷ ምጣኔ (ኪሎዋ በሜትር ለተለካ ቁመቷ ካሬ ሲካፈል) ቢያንስ 18.5 መሆኑን በሐኪም ማስመስከር ግዴታዋ ሲሆን፣ ገላዋን ለማቅጠን የተነካካ ማስታወቂያም ያንኑ እንዲገልጽ ታዘዘ። ፈረንሳይም በ2017 የሐኪም ወረቀትና «የተስተካከለ ፎቶግራፍ» የሚል ጽሑፍ ግዴታ አድርጋለች። አገር በሕግ እስከሚከለክለው የደረሰውን መልክ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ መኝታ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ለመምሰል ትታገላለች።

ንግግሩ ካልሠራ አንድ ሱቅ ይዘዋት ይግቡና፣ ቀሚስ የለበሰውን ማኒኪን ከኋላ በኩል ዞራ እንድታየው ያድርጉ። ፊት ለፊት ገላ ላይ ተጣብቆ የሚታየው ልብስ ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ ወይም በመቆንጠጫ ተሰብስቦ ታገኘዋለች። ፎቶ ሲነሣም እንዲሁ ነው፤ ሞዴሏ ራሷ ልብሱ ልኳ አይደለም፣ ጀርባዋ ስለማይታይ ነው እንጂ።

«ወፈርሽ» ስለሚለው ምርቃት ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። መወፈር የጥጋብና የጤና ምልክት በነበረበት ጊዜ ቀጭኗ ልጅ «ምነው ከሳሽ፣ አመመሽ ወይ?» እየተባለች ስትሳቀቅ ኖራለች፤ አንገተ ብርሌ፣ ጥርሰ በረዶ፣ ሽንጠ ረጅም ያልሆነችውም በየሠርጉ ላይ ዘፈኑን አንገቷን ደፍታ ሰምታዋለች። ልዩነቱ ያን ጊዜ የምትነጻጸረው ከጎረቤት ልጅ ጋር ነበር፤ የጎረቤት ልጅ ደግሞ ቢያንስ ከኋላም ትታያለች።

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ ነው። ለፋሲካ የሀበሻ ቀሚስ ከሽሮ ሜዳ በስልክ አዝዤ «ሚዲየም ነኝ» አልኳቸው፤ የመጣው ግን ዚፑ አልዘጋ አለኝ፣ ክንዱም ጠበበኝ። አሜሪካ ውስጥ ሁልጊዜ ሚዲየም ነው የምለብሰው። እንዲሰፋ ማድረግ ይቻላል?
ኤም.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ የአሜሪካ ሚዲየም ምን ያህል እንደሰፋ ከላይ ስለጠቀስኩት አልደግመውም። የእናቶቻችን ቀሚስ ቁጥር አልነበረውም፤ ሰፊ ሆኖ ይሰፋና ወገብ ላይ በመቀነት ይታሰራል፤ ያው አንዱ ቀሚስ ከእርግዝና በፊትም በኋላም ይለበስ ነበር። አሁን ገላ ላይ ተቆርጦ በዚፕ ሲዘጋ ስህተቱን የሚውጥለት ነገር የለም፤ ጥበቡ ደግሞ ከሸማው ጋር አብሮ የተሸመነ በመሆኑ እንደ ሌላ ጨርቅ የተገኘበት አይቆረጥም።

የአንቺን ለማዳን በመጀመሪያ ገልብጠሽ የጎን ስፌቱን እዪ። ውስጡ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ጨርቅ ከተረፈ ይፈታል። ካልተረፈ፣ ነጠላውን ሳታበላሺ ከጫፉ የጥለት ቁራጭ የሚተርፍ ከሆነ ወይም ሰፊዋ ከዚያው ሸማ ቁራጭ ልትልክልሽ ከቻለች ከብብት ጀምሮ በጎንና በክንድ ሥር ቀጭን ማስፊያ ጨርቅ ይገባበታል፤ ክንድ ስትዘረጊ ካልሆነ አይታይም። ዚፑንም አውጥቶ ከኋላ በክር ማሰሪያ መተካት ሌላው መንገድ ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ ፊደሉን ትተሽ የደረት፣ የወገብ፣ የዳሌ፣ የክንድ ውፍረትና የቁመት ልክሽን በሴንቲ ሜትር ጽፈሽ ላኪ፤ በኢንች ከለካሽ ራስሽ በ2.54 አባዥው። ሰፊዋንም «ከውስጥ በየጎኑ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተዪልኝ፣ ሸማውንም ከመቁረጥሽ በፊት ውኃ አስነኪው» በያት፤ ሸማ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባልና።