ካንሰር የሚታከሙ ልጆቻችን ድካም፦ ከድሬዳዋ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶች

በካንሰር ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ለደረሱኝ ጥያቄዎች እነሆ መልሴ።

ጥያቄ (እናት፣ ሳቢያን)፦ የ15 ዓመቷ ልጄ ኬሞቴራፒ ከጀመረች ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ተኝታም ደክሟት ትነሣለች። እንቅልፍ አንሷት ይሆን?

መልስ፦ አይደለም እኅቴ፤ ይህ ድካም በእንቅልፍ ብቻ አይወጣም። መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲመታ ደም የሚሠራውን መቅኔም ይጎዳል። ቀይ የደም ሕዋስ ሲያንስ ደረጃ መውጣት እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል። ማቅለሽለሹ፣ ሕመሙና ጭንቀቱ ደግሞ ይጨምሩበታል። ሸሚዟን ቆልፋ ሳትጨርስ እጇ ዝሎ አልጋው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ቢያዩ፣ እባክዎ ሰነፍ አይበሏት።

ጥያቄ፦ የብረት ኪኒን ልግዛላት?

መልስ፦ ያለ ደም ምርመራ አይግዙ። ኬሞቴራፒ የሚያመጣው የደም ማነስ ብዙ ጊዜ ከብረት እጥረት አይደለም።

ጥያቄ (አባት)፦ ትተኛ ወይስ ትንቀሳቀስ?

መልስ፦ ሐኪሟ ካልከለከለ ትንቀሳቀስ። ቀኑን ሙሉ መተኛት ጡንቻን ያሟሽሻል፤ ድካሙም ይብሳል። ለዚህ ድካም ከሚረዱ ነገሮች ሁሉ ጥሩ ማስረጃ ያለው ቀላል እንቅስቃሴ ነው። የድሬዳዋ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ጠዋት በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር 10 ደቂቃ አብራችሁ ተራመዱ፤ ከለመደችው ቀስ በቀስ ጨምሩ። ከምሳ በኋላ ከተማው ራሱ ሲያርፍ ግማሽ ሰዓት ትተኛ፤ ከዚያ ካለፈ የሌሊት እንቅልፏን ይሻማል። ካዞራት ወይም ትንፋሽ ካጠራት ግን ታቁም፤ ለሐኪሟም ንገሩ።

ጥያቄ (የ17 ዓመት ወጣት)፦ ሕክምናዬን ከጨረስኩ ዓመት አለፈኝ፤ ዛሬም ይደክመኛል። ጓደኞቼ ጫት ያነቃሃል ይሉኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጫት ድካምህን ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም። እንቅልፍህንና የምግብ ፍላጎትህን ይወስዳል፤ የልብ ምትህንም ያፈጥናል። እንደ ዶክሶሩቢሲን ያሉ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ልብን ሊጎዱ ስለሚችሉ ይህ ላንተ ቀላል ነገር አይደለም። ድካሙ ከሕክምና በኋላ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ነገር ግን «ያልፋል» ብለህ አትተወው። ደምህን ተመርመር፤ አንገትህ ላይ ጨረር ወስደህ ከሆነ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራም ጠይቅ። ሁሉ ነገር ካስጠላህም ለሐኪምህ ንገረው፤ ድባቴ የሚታከም ሕመም ነው።

ጥያቄ (መምህር)፦ ተማሪዬን እንዴት ልርዳ?

መልስ፦ ግማሽ ቀን ይማር፤ ፈተናውን ብርታት በሚኖረው ሰዓት ይስጡት።

ጥያቄ፦ መቼ ነው መደንገጥ ያለብን?

መልስ፦ በኬሞቴራፒ ወቅት ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቁ። ሕክምናው ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ቢሆንም የደንገጎን ተራራ ከመውጣታችሁ በፊት ቅርብ ወደሆነው ድል ጮራ ሆስፒታል አድርሱት፤ ኬሞቴራፒ ላይ መሆኑንም ገና በር ላይ ተናገሩ።