የቱ ይሻላል ለምትሉኝ ልጆች

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቡና ቤት ተቀምጠን ነበር። ከጎኔ አራት ወጣቶች ስለ ግሎክ ሽጉጥ ይከራከራሉ። ፋብሪካው ሽጉጡን ባሻሻለ ቁጥር አዲሱ «ትውልድ» ይባላል። አንዱ ሦስተኛው ትውልድ ነው ልኩ ብሎ ይምላል ይገዘታል። ሌላው ደግሞ አምስተኛውን ካልያዝክ ምኑን ያዝከው ባይ ነው። ቡናው ቀዘቀዘ፣ ክርክሩ ጦፈ። ኋላ ከመሀላቸው ዝም ብሎ ሲሰማ የቆየው፣ ሲኒውን በግራ እጁ እንደያዘ፣ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ የሠሩበት ነው። የቱ ይሻላል?» አለኝ።

ያን ጊዜ በቅጡ አልመለስኩለትም። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቤት ገባ። ስለዚህ ለእሱም፣ ለጓደኞቹም፣ እንደነሱ ለምትከራከሩ ሁሉ ይህን ጻፍኩ።

እኔ እጄን ያፍታታሁት አገር ቤት፣ በደርግ ጊዜ፣ በሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ ቨርጂኒያ መጥቼ ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ የመሣሪያ መደብር ጓዳ ሽጉጥ ስፈታና ስገጥም ኖርኩ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።

መከራከራችሁን አልጠላም። የአባቶቻችን ወግ ነው። እነሱም ሰናድር ይሻላል፣ ውጅግራ ይሻላል፣ ምንሽርን የሚያህል የለም እያሉ አምሽተዋል። ብረቱን በቀረርቶ ሳይቀር አወድሰውታል። እናንተ ስትከራከሩ ግን አንዲት ጥያቄ ትጎድልብኛለች። ይህ ነገር ለምን ተለወጠ? ማን ምን ሆኖ ነው?

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ቪክትሪ የሚባል ሪቮልቨር፣ ማለትም ባለ ከበሮ ሽጉጥ፣ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ይሠራ ነበር። የመለያ ቁጥሩ የሚጀምረው «ቪ» በምትባለው ፊደል ነው። በ1944 አንዱ ሽጉጥ መርከብ ላይ ወደቀና ባረቀ። አንድ መርከበኛ ሞተ። ፋብሪካው መዶሻውን፣ ማለትም መትቶ የሚያስተኩሰውን ክፍል፣ የሚያግደውን ብረት እንደገና ነደፈው። በአዲሱ አሠራር የተሠሩት ሽጉጦች ቁጥራቸው ላይ «ኤስ» የምትባል ፊደል ተጨመረችላቸው። ዛሬ የአሮጌ ሽጉጥ ሰብሳቢዎች «ኤስ» ያለበትንና የሌለበትን ሲለዩ የሚያወሩት ስለ ዋጋ ነው። መደብር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። መርከበኛውን ሲያነሣ የሰማሁት ሰው ግን ሁለት ቢሆን ነው።

ሩገር የሚባለው ፋብሪካ የሠራው የብላክሆክ ሪቮልቨርም ነገር እንዲሁ ነው። ሽጉጡ የወጣው በ1955 ነው። መልኩም አሠራሩም የ1873ቱን የኮልት ሪቮልቨር ይከተላል። ከበሮው ስድስት ጥይት ይጎርሳል። አዋቂዎቹ ግን አምስት ብቻ ይከቱበትና መዶሻውን ባዶዋ ቀዳዳ ላይ ያሳርፉት ነበር። ለምን? መዶሻው ሲያርፍ መርፌው የጥይቱ ቂጥ ላይ ይደገፋል። ሽጉጡ ከወገብ ሾልኮ በመዶሻው በኩል መሬት ቢመታ ይባርቃል። አባት ለልጁ «አምስት ብቻ» ብሎ ካልነገረው፣ ልጁ ስድስት ይሞላል። ስድስት ቀዳዳ እያየ ለምን አምስት ይሞላል?

በ1973 ሩገር ውስጡን ለወጠው። በመዶሻውና በመርፌው መሀል አንዲት ትንሽ ብረት ገባች። ምላጩ እስከ መጨረሻ ሲሳብ ተነሥታ የመዶሻውን ምት ወደ መርፌው ታሻግራለች። ጣት ሲነሣ ትወርዳለች። እሷ ከወረደች መዶሻው መርፌውን አይነካም። ስድስቱንም ሞልቶ መያዝ የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ታዲያ አሮጌውን የለመዱ ሰዎች እስከ ዛሬ ያማርራሉ። መዶሻው ሲሳብ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ እንደ ድሮው አይደለም ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ አይደለም። እኔም ያ ድምፅ ደስ ይለኛል። ግን ድምፁን የምወደው ከበሮውን ባዶ አድርጌ ነው።

ከ1982 ጀምሮ ፋብሪካው የአሮጌዎቹን ውስጥ በነፃ ይቀይራል። የወጣውን ዕቃም ለባለቤቱ ይመልሳል። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት የሟች ባላቸውን ብላክሆክ ይዘው መደብር መጡ። ለልጅ ልጃቸው ሊሰጡት ነው። ጎኑ ላይ ሦስት ብሎን አለው። ሦስት ብሎን ካያችሁ አሮጌው ነው። እዚያው የቆመ አንድ ገዢ «እንዳያስነኩት፣ ዋጋው ይወርዳል» አላቸው። እሱም አልዋሸም። ሰብሳቢ ያልተነካውን ነው የሚፈልገው። እኔ ግን «ልጁ ሊተኩስበት ነው ወይስ መስታወት ውስጥ ሊያስቀምጠው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሊተኩስበት ነው» አሉኝ። ላኩት። ከሳምንታት በኋላ ሽጉጡ ከነአሮጌ ዕቃው በትንሽ ከረጢት ተመልሶ መጣ። ከረጢቷን እንዳይጥሏት አደራ አልኳቸው፤ ሰብሳቢ እሷንም ይጠይቃል።

ይህን የምላችሁ እኔም እንደናንተ ተከራካሪ ስለነበርኩ ነው። ጥገና ክፍል ሳለሁ ሁለት የሩሲያ ሽጉጦች በእጃችን ያልፉ ነበር። አሮጌው ቶካሬቭና ማካሮቭ። ቶካሬቭ ጥይቱ ፈጣን ነው፣ ይበሳል። የእጅ ሴፍቲ ግን የለውም። ያለው መዶሻውን ግማሽ ስቦ ማቆም ብቻ ነው። በ1951 ሶቭየቶች የተቀበሉት ማካሮቭ ጉልበቱ ያንሳል። ስምንት ጥይት ነው የሚይዘው። ሴፍቲውን ወደ ላይ ስትገፉት ግን መዶሻውን ያለ አደጋ አውርዶ ይቆልፈዋል። እኔና ባልደረቦቼ ማካሮቭን «የሴት ሽጉጥ» እያልን እናናንቀው ነበር። ዛሬ ያን ቃል ሳስታውስ አፍራለሁ።

አንድ ጠዋት አንድ መኮንን ቶካሬቩን ሊያስረክብ መጣ። መዶሻው ግማሽ ተስቦ ቆሟል። ጥይት ጎርሷል። ጠረጴዛ ላይ ሊያኖረው ሲል ከእጁ አመለጠውና ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። የባልደረባዬን ጭን በሳው። በሕይወት ተረፈ፤ እስከ መጨረሻው ግን አነከሰ። ሽጉጡን የፈታሁት እኔ ነበርኩ። መዶሻውን የሚይዘው ጥርስ ተበልቶ ነበር። ማካሮቭን የነደፈው ሰው «ቢወድቅስ?» ብሎ የያዘው ጥያቄ ያን ቀን ገባኝ።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ። ለውጥ ሁሉ ደኅንነት አምጥቷል እያልኩ አይደለም። ወጪ ለመቀነስ የመጣ አለ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1980ዎቹ መጀመሪያ አፈሙዙን በቀጭን ብረት መቸንከሩን ተወ። እኔ እስከ ገባኝ ሥራ ለማቅለል ነው እንጂ ማንም አልተጎዳበትም፣ ማንም አልተጠቀመበትም። አዲስ ስለሆነም አስተማማኝ ነው ማለት አይደለም። የአሜሪካ ጦር በጥር 2017 ሲግ ከሚባለው ኩባንያ የፒ320 ሽጉጥን አንድ ልዩ ዓይነት መረጠ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ፒ320 በአንድ አቅጣጫ ሲወድቅ እንደሚባርቅ የሚያሳይ ፊልም ወጣ። ኩባንያው ለሲቪል ገዢዎች ምላጩንና ውስጡን ቀለል ባለ ዕቃ በነፃ እቀይራለሁ አለ። ስለዚህ ያገለገለ ፒ320 የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠይቁት ውስጡ ተቀይሮ እንደሆነና እንዳልሆነ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ልማድን ከአንዱ ሽጉጥ ወደ ሌላው ይዞ መሄድ።

ብራውኒንግ ሃይ ፓወር የሚባለውን ሽጉጥ ታውቁታላችሁ። አሜሪካዊው ነዳፊ ጆን ብራውኒንግ ጀምሮት በ1926 ቤልጂየም ውስጥ ሞተ። ቤልጅጋዊው ነዳፊ ዲዮዶኔ ሴቭ ጨረሰው። በ1935 ወጣ። ካዝናው አሥራ ሦስት ጥይት ይይዛል፣ ለጊዜው ብዙ ነው። ይህ ሽጉጥ ካዝናው ከወጣ አይተኩስም። ይህን የጠየቀችው ፈረንሳይ ናት፤ ኋላ ሽጉጡን ለጦሯ አልወሰደችውም። ባለቤቶቹ ግን ይህን የሚያደርገው ዕቃ ምላጩን ያከብደዋል እያሉ ዕድሜ ልካቸውን አማረሩ። ብዙዎቹ አውጥተው ጣሉት። የቤልጂየሙ ፋብሪካ ኤፍኤን በ2022 አዲሱን ሃይ ፓወር ሲያወጣ ይህን ዕቃ ተወው።

አንድ የኛ ሰው ለዓመታት ሃይ ፓወር ይዞ ኖረ። ካዝናውን ካወጣ እንደማይተኩስ እጁ ለመደ። ከዚያ ግሎክ ገዛ። ግሎክ ለማጽዳት ሲፈታ ምላጩን መሳብ ግድ ነው። ካዝናውን አወጣ፣ እንደ ልማዱ ባዶ ነው አለ፣ ምላጩን ሳበ። አፈሙዙ ውስጥ አንድ ጥይት ጎርሶ ነበር። ጥይቱ ግድግዳውን አልፎ ሴት ልጁ የምትተኛበት ክፍል ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጅቱ ሳሎን ቴሌቪዥን እያየች ነበር። በማግስቱ ሽጉጡን ይዞልኝ መጣ። «ተበላሽቷል፣ እዩልኝ» አለኝ። ፈታሁት። ምንም አልነበረበትም። ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ ዝም አልን።

ስለዚህ ሽጉጥ ስትቀይሩ እንደ አዲስ ተማሪ ጀምሩ። የመመሪያ መጽሐፉን አንብቡ። ካዝናውን አውጡ፣ ከዚያ ከላይ ያለውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስባችሁ ጥይት መግቢያውን በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁም ዳስሱ። አምስት ሽጉጥ ያለው ሰው አምስት ልማድ ያስፈልገዋል፤ ለዚህ ነው አንድ ይበቃችኋል የምለው። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ የብረት ሣጥን ግዙ። የሣጥኑን ዋጋ ከሽጉጡ ዋጋ ጋር አብራችሁ ቁጠሩት። ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ የምትመላለሱ ደግሞ ተጠንቀቁ። ሜሪላንድ የቨርጂኒያን መያዣ ፈቃድ አትቀበልም። የፖቶማክን ወንዝ ድልድይ ስትሻገሩ ሕጉ ይለወጣል።

ወደ ግሎኩ ልመለስ። መጀመሪያ የገዛው የኦስትሪያ ጦር ነው፣ በ1982። ሦስተኛው ትውልድ እጀታው ላይ የጣት ማረፊያ ጎድጎዶች አሉት። ጣቱ ለገጠመለት ሰው ግሩም ነው። ላልገጠመለት ግን ጉብታው ጣት ላይ ይቀመጣል። የኔ ጣት አልገጠመም። በ2017 የወጣው አምስተኛው ጎድጎዶቹን አጠፋቸው። ተንሸራታቹን ብረት የሚያቆመውን መያዣም በሁለቱም በኩል አደረገው። ካዝና መልቀቂያው ከአራተኛው ጀምሮ ወደ ቀኝ መዞር ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ ዕቃው በየቦታው ይገኛል፣ ርካሽም ነው። ካሊፎርኒያ ያሉ ዘመዶቻችን ለብዙ ዓመታት ከመደብር አዲስ ሲገዙ ሦስተኛውን ያገኙ ነበር። ወደውት ብቻ አይደለም፤ ስቴቱ እንዲሸጡ የፈቀዳቸው ሽጉጦች ዝርዝር አዳዲሶቹን ስላላስገባ ነው። «ሁሉም ሦስተኛውን ይዞታል» ሲሏችሁ ይህን አስታውሱ።

ያ የጠየቅኸኝ ልጅ፣ አንተ ሲኒህን የያዝከው በግራ እጅህ ነበር። በአንተ እጅ የሦስተኛው መልቀቂያ በማይመች ጎን ይወድቃል። ስለዚህ አምስተኛውን ሞክር። ግን በኔ ቃል እንዳትገዛ። ቅዳሜ ጠዋት ተኩስ መለማመጃው ዘንድ እንገናኝ። ሁለቱንም ያከራያሉ። ጓደኞችህንም ጥራቸው፤ የጆሮ መከላከያው በኔ ነው።