«ሁለት» ላይ ተነሺ

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲያችን የባልሩምና የላቲን ዳንስ (ሁለት ሁለት ሆነው የሚደንሱት) የውድድር ቡድን አዲስ አባላት ሊቀበል ነው። ከእስክስታ በቀር ምንም አልሞከርኩም፤ አጣማሪም የለኝም። በምን ልጀምር? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ እህታችን፣ አጣማሪ ማጣትሽ አያሳስብሽ፤ መሠረታዊው እርምጃ መጀመሪያ ለብቻ ይጠናል። ከላቲን ዳንሶቹ አንዱ በሆነው በቻቻ ጀምሪ። «ሁለት፣ ሦስት፣ አራት-እና-አንድ» እያልሽ ቁጠሪ። ጀማሪን የሚያስተው «አንድ» ላይ ወደፊት መሄዱ ነው፤ ወደፊት የሚሄደው እርምጃ የሚውለው «ሁለት» ላይ ነው። «አራት» እና «እና» ግማሽ ግማሽ ምት ብቻ ስላላቸው እርምጃሽን አሳጥሪ፤ ካሰፋሽው ከሙዚቃው ትቀሪያለሽ። በየእርምጃው ክብደትሽን ሙሉ በሙሉ ወደረገጠው እግር አሻግሪ፤ ዳሌ የሚንቀሳቀሰው ከዚያ ነው፣ በግድ አታወዛውዢው። የእስክስታው ትከሻ እዚህ ይረፍ፤ ምት የለመደው ጆሮሽ ግን ትልቅ ስንቅ ነው። የዳንስ ጫማ ሶሉ ስስ ቆዳ ስለሆነ በኮንዶሚኒየሙ ሲሚንቶ ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ቤት ውስጥ በካልሲም ይሆናል፣ እንዳያንሸራትትሽ ብቻ ተጠንቀቂ።