ማዳበሪያ ነው ወይስ መድኃኒት? ስለ ፖታሲየም ፎስፋይት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጠርሙሱ ላይ ፎስፈረስና ፖታሲየም የሚል ተጽፏል። በዳፕ ማዳበሪያ ፋንታ ልጠቀምበት?

መልስ፦ በፍጹም፤ ይህ የተክል በሽታ መድኃኒት እንጂ የፎስፈረስ ማዳበሪያ አይደለም። ተክል የሚመገበው ፎስፌት የተባለውን የፎስፈረስ ዓይነት ነው። ፎስፋይት ከእርሱ የሚያንሰው በአንድ ኦክስጅን ብቻ ቢሆንም ተክሉ ወደ ምግብነት ሊለውጠው አይችልም። ፎስፈረስ ላነሰው ተክል ሲሰጥ ጭራሽ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ምግብ የሚሆነው ፖታሲየሙ ብቻ ነው። ፖታሲየም ፎስፋይትን የፎስፈረስ ማዳበሪያ ነው ብሎ ለገበሬ መሸጥ ትልቅ በደል ነው፤ ገንዘቡንም ምርቱንም ያሳጣዋል።

ጥያቄ፦ አቮካዶዬ ከጫፉ እየደረቀ ነው፤ ቅጠሉም አንሶ ገርጥቷል። ይህ መድኃኒት ያድነዋል?

መልስ፦ መጀመሪያ ከዛፉ ሥር አፈሩን ገለጥ አድርገው ቀጫጭን ሥሮቹን ይመልከቱ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ ነው። ጠቁሮ ሲነኩት ቅንጥስ የሚል ከሆነ ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ የተባለ ተሕዋስ የሚያመጣውን የሥር አበስብስ በሽታ ይጠርጥሩ። ይህ ተሕዋስ ፈንገስ ቢመስልም ኦሚሴት ከሚባል ሌላ ወገን ነው፤ ብዙዎቹ ፀረ-ፈንገሶች የማይበግሩትም ለዚህ ነው። ፎስፋይት ግን ተሕዋሱን በቀጥታ ያዳክማል፣ የዛፉንም የመከላከል ኃይል ያነቃቃል። ከሁሉ የማደንቅለት ከቅጠልና ከግንድ ተነሥቶ እስከ ሥር መውረዱን ነው፤ አብዛኞቹ በተክል ውስጥ የሚዘዋወሩ ፀረ-ፈንገሶች ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄዱም።

በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ የአቮካዶ አምራቾች ግንዱን በቀጭኑ በስተው በሲሪንጅ ይሰጡታል። ወሳኙ ወቅቱ ነው። ለጋው ቅጠል ጠንክሮ ሥር ማደግ ሲጀምር ዛፉ ምግቡን ወደ ታች ይልካል፤ መድኃኒቱም አብሮ ይወርዳል። ለጋ ቅጠል በሚያቆጠቁጥበት ጊዜ ከሰጡት ግን አብዛኛው ወደ ቅጠሉ ይሄዳል፤ ሥሩ ሳይደርሰው ይቀራል። ቅጠሉ ከሞላ ጎደል የረገፈ ዛፍም መድኃኒቱን እንደልብ አይስበውም፤ ስለዚህ ምልክቱን እንዳዩ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ አንዴ ከተሰጠ በሽታው ይጠፋል?

መልስ፦ አይጠፋም፤ ተሕዋሱ አፈር ውስጥ ይኖራል፣ ሕክምናውም ይደጋገማል። ውሃ የሚተኛበት ማሳ ከሆነ ማፋሰሻ ቦይ ይቅደዱ፤ ያለዚያ መድኃኒቱ ብቻውን አይችለውም።

ጥያቄ፦ ለቡና ፍሬ በሽታስ?

መልስ፦ ያ በሽታ በእውነተኛ ፈንገስ የሚመጣ ነው። በፎስፋይት አይመኩ።

ጥያቄ፦ ከመዳብ መድኃኒት ጋር ላቀላቅለው?

መልስ፦ አያቀላቅሉ። መዳቡ ከልክ በላይ ይሟሟና ቅጠሉን ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ፍሬውን ወደ አውሮፓ ነው የምንልከው። ችግር አለው?

መልስ፦ ፎስፋይት በዛፉ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ቅሪቱም በፍሬው ላይ ይመረመራል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለኦርጋኒክ እርሻ ስለማይፈቀድ የኦርጋኒክ ሰርተፊኬት ያላችሁ ማኅበራት አትንኩት። ሌሎቻችሁ ደግሞ በአገር ውስጥ የተመዘገበውን ብቻ ግዙ፤ መጠኑንና ከለቀማ በፊት የሚጠበቀውን ጊዜ ከመለያው ወረቀት ላይ አንብባችሁ ተከተሉ።