የእናቲቱን የዳሌ ወረቀት ሳታይ እንዳትከፍል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ጠዋት አነበብኩት። «ዎርኪንግ ላይን (ለሥራ የሚራባውን ዘር) ጀርመን ሼፐርድ የሚያራባ ሰው አግኝቻለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሄጄ ቡችላ እመርጣለሁ፤ ምን ምን ልይ?» ነው ያልከው። ብዙ ሰው «ደፋሩን ምረጥ፣ መዳፉ ወፍራም ይሁን፣ ከሁሉም ቀድሞ ወደ አንተ የሚሮጠውን ውሰድ» ብሎ መልሶልሃል። እኔም ከ6 ዓመት በፊት ይህንኑ ምክር ይዤ ነበር የሄድኩት። ብዙ ዋጋ አስከፍሎኛል። ስለዚህ ረዘም ቢልብህም ታገሰኝ።

ስለ ክትባት፣ ስለ ምግብ፣ ከ8 ሳምንት በፊት አትውሰድ ስለሚባለው አልደግምልህም። አጠያየቅህ ይህን እንደምታውቅ ይናገራል። በቀጥታ ወደ ዋናው ልግባ።

1. ከቡችላው በፊት እናቲቱን እይ። አባትየው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው የሚኖረው፤ ስለ እሱ ፎቶና ወረቀት ብቻ ልታገኝ ትችላለህ። እናት ግን እዚያው ናት። እኔ ስሄድ በር ተዘግቶባት ነበር። «ቡችላ ስላላት ትቆጣለች፣ እንግዳ አትወድም» ተባልኩ። አመንኩ። ቡችሎቹ እግሬ ሥር ሲርመሰመሱ እናታቸውን የማየቱ ነገር ከነጭራሹ ጠፋብኝ። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት እናት ብትቆጣ ይገባኛል። በ7ኛውና በ8ኛው ሳምንት ግን ጤናማ መንፈስ ያላት ውሻ ወጥታ ታሸትሃለች፤ ባለቤቷ አጠገብህ ቆሞ ዘና ካለ እሷም ዘና ትላለች። ፍርሃት በዘር ይተላለፋል። ቡችላ ደግሞ ከእናቱ አይቶም ይማረዋል። እናቲቱን ካላሳዩህ ቡችላውን አትንካ፤ ከነካኸው ይዘኸው ትመለሳለህ።

2. የሁለቱንም ወላጆች የዳሌና የክርን ራጅ ውጤት በወረቀት እይ። «የሁለቱንም» የሚለውን አስምርበት። የ8 ሳምንት ቡችላ ወደፊት ዳሌው ምን እንደሚሆን ሐኪም እንኳ ዳስሶ ሊነግርህ አይችልም። ያለህ ማስረጃ የወላጆቹ ውጤት ነው። ኤስ ፋው በሚባለው የጀርመኑ የዝርያው ማኅበር አሠራር ራጁ የሚነሳው ውሻው 12 ወር ከሞላው በኋላ ነው። ለመራባት የሚያሳልፉት ደረጃዎች ሦስት ናቸው፤ «ኖርማል» (ጤናማ)፣ «ፋስት ኖርማል» (ለጤናማ የቀረበ) እና «ኖኽ ጹገላሰን» (ገና የሚፈቀድ)። የውሾችን ራጅ መርምሮ ደረጃ የሚሰጠው የአሜሪካው ድርጅት ኦኤፍኤ ደግሞ የዳሌን የመጨረሻ ውጤት የሚሰጠው 24 ወር ከሞላ በኋላ ነው፤ ኤክሰለንት፣ ጉድ ወይም ፌር ካለ አልፏል። አርቢው የኦኤፍኤ ወረቀት ካሳየህ ራጁ የተነሳበትን ቀን ከውሻዋ የልደት ቀን ጋር አስተያይ። ከ24 ወር በፊት የተነሳ ከሆነ ጊዜያዊ ውጤት ነው።

እኔ ይህን ሁሉ የተማርኩት ከመሸ በኋላ ነው። አርቢው የአባትየውን ወረቀት አሳየኝ፤ ማኅተም ያለው፣ ንጹህ ወረቀት። «የእናትየዋስ?» ብዬ ጠየቅኩ። መጠየቁንስ ጠይቄያለሁ። «እሷም እንደዚሁ ናት፤ የኔ ሐኪም አይቷት ምንም የለባትም ብሏል፤ ወረቀቱን እልክልሃለሁ» አለኝ። ከፈልኩ። ወረቀቱ ሳይመጣ ቀረ።

ቡችላውን ጀግና ብዬ ስም አወጣሁለት። እስከ 8 ወሩ ድረስ የሚያየው ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ውሻ ነበር። 9 ወር ሲሞላው ደረጃ ሲወጣ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን ገጥሞ እንደ ጥንቸል መዝለል ጀመረ። ተኝቶ ሲነሳ ይዘገያል። «እያደገ ስለሆነ ነው፤ ያልፍለታል» እያልኩ ሁለት ወር አባከንኩ። ሐኪሟ ራጁን ስታሳየኝ የግራው የጭን አጥንት ራስ ከማቀፊያው ግማሽ ያህል ወጥቶ ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የአጥንቱ ራስ ተቆርጦ ወጣ። እስኪያገግም ወራት ፈጀ። እኔ ሥራ እየዋልኩ ማታ ማታ እግሩን አሻለሁ፣ በቀስታ አራምደዋለሁ። ያኔ የከፈልኩት የሕክምና ወጪ ከቡችላው ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከገንዘቡ በላይ ግን የሚያመኝ፣ ኳስ ሲያይ ዓይኑ እየበራ እኔ «ተው፣ ተቀመጥ» ስለው ነበር።

3ኛውን ከመቀጠሌ በፊት ያልመጣውን ወረቀት ፍለጋ ስለሄድኩበት ቢሮ ልንገርህ። የእናቲቱን የምዝገባ ቁጥር ይዤ የዘር መዝገብ ወደሚያዝበት ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ባለቤቷ ነህ?» አለኝ። «አይደለሁም፤ የልጇ ባለቤት ነኝ» አልኩት። «ታዲያ ምን ፈልገህ መጣህ?» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ። በሌላ ቀን ስሄድ ኃላፊዋ የለችም ተባልኩ። በሦስተኛው ራሷን አገኘኋት። ቁጥሩን አስገብታ «የዳሌ ውጤት አልተመዘገበላትም» አለችኝ። ዝም ስል ጊዜ «ይሄን ከመግዛትህ በፊት ነበር መጠየቅ» ብላ ወረቀቴን መለሰችልኝ። ውሻዬ ቤት ውስጥ በፋሻ ተጠምጥሞ ተኝቷል፤ እሷ እንደዚህ ትለኛለች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያለችው ግን እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ለአንተ የምጽፈው። ቁጥሩን ማጣራት አምስት ደቂቃ ነው። እንደ ኦኤፍኤ ባሉት መዝገቦች ማንም ሰው ድረ ገጹ ላይ ገብቶ የውሻውን ስም ወይም የምዝገባ ቁጥር ጽፎ መፈለግ ይችላል። ውጤት ካልወጣ «የለም» ብለህ ቁጠረው። ቦታው ስትደርስ ደግሞ የእናቲቱ ቺፕ (ከቆዳዋ ሥር የተቀበረው መለያ) ፊትህ ይነበብ። 15 አሃዝ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አስተያየው።

አንድ ነገር ግን ልዋሽህ አልፈልግም። የወላጆች ራጅ ጥሩ መሆኑ ለልጁ ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ የዳሌ ችግር በብዙ ጂኖችና በአስተዳደግ ጭምር የሚመጣ ነው። ስጋቱን ግን ይቀንሳል። እግረ መንገድህን ስለ ዲኤም የዲኤንኤ ምርመራም ጠይቅ። ዲኤም በእርጅና የኋላ እግርን የሚያሽመደምድ የአከርካሪ በሽታ ነው፤ የሚያሰጋውም የተበላሸውን ጂን ሁለት ቅጂ የወረሰ ውሻ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ከዚህ ጂን ነጻ ከሆነ ቡችላው ሁለት ቅጂ ሊወርስ አይችልም።

3. ዎርኪንግ ላይን ማለት ሥራ የሚፈልግ ውሻ ማለት ነው። ጀርመናዊው ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1899 ኤስ ፋው የተባለውን ማኅበር ሲመሠርት ይህን ዝርያ ለሥራ ነበር ያሰበው። አርቢህ «የሥራ ዘር ነው» ካለህ ወላጆቹ ምን እንደሠሩ ይንገርህ። አይጂፒ የሚባለውን የሥራ ውሾች ፈተና አልፈዋል? ፈተናው ሦስት ክፍል አለው፤ ሽታ መከተል፣ ትእዛዝ መፈጸምና መከላከል። እያንዳንዱ ከ100 ይታረማል፤ ለማለፍ በእያንዳንዱ ቢያንስ 70 ያስፈልጋል። በድሮ ወረቀት ላይ ሹትስሁንድ ወይም አይፒኦ የሚል ብታይ እንዳትደናገር፤ የዚሁ ፈተና የቀድሞ ስሞች ናቸው። ቀለሙ ጥቁር ወይም ሳብል (የፀጉሩ ጫፍ የጠቆረ) መሆኑ ብቻ የሥራ ውሻ አያደርገውም።

አንተም እንደ እኔ ቀን ሥራ ውለህ ማታ የምትገባ ሰው ትመስለኛለህ። እንዲያ ከሆነ ከሁሉም ቀድሞ የሚሮጠውን፣ ወንድሞቹን የሚረግጠውን አትውሰድ። ጀግና እንደዚያ ነበር። ዳሌው ባይታመም ኖሮ እንኳ ለእኔ ይበዛብኝ ነበር። ቁልፍህን መሬት ላይ ጣልና ተመልከት። መደንገጡ ችግር የለውም። ደንግጦ ምን ያህል ቶሎ ተመልሶ እንደሚያሸት ነው የምታየው። ተመልሶ ያላሸተው፣ ጥግ ይዞ የቀረው ላይ ጥንቃቄ አድርግ። የአንድ ቀን ሙከራ ግን ብዙ አይነግርህም፤ ያኔ እንቅልፍ የመጣበት ቡችላም አለ። 8 ሳምንት ሙሉ ያያቸው አርቢው ነው።

ሁለተኛዋን ውሻዬን ንጋትን የወሰድኩት እንዲህ ነው። ያኛዋ አርቢ እኔ ከጠየቅኳት በላይ እሷ ጠየቀችኝ። ስንት ሰዓት ቤት እንደምሆን፣ ማን እንደሚያሠለጥናት፣ ከዚህ በፊት ምን ውሻ እንደነበረኝ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ከፋዩ እኔ፣ ተጠያቂውም እኔ! በኋላ ግን የጀግናን ታሪክ ነገርኳት። ተነስታ የእናቲቱን ወረቀት ሳልጠይቃት አመጣች። እናቲቱም ራሷ መጥታ ጉልበቴ ላይ አገጯን አስቀመጠች። ከስድስቱ ቡችሎች አርቢዋ የመረጠችልኝ ዓይኔ ያልገባችውን፣ መሐል ላይ ተቀምጣ ሰው የምታየውን ሴት ቡችላ ነበር። ያቺ ቡችላ 2 ዓመት ሳይሞላት የ20 ኪሎ ሜትሩን የጽናት ፈተና ከብስክሌቴ ጎን ሮጣ ጨረሰች። ዳሌዋ «ኖርማል» ነው። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

4. ውል። ይህን ብዙ ሰው አያነበውም። የእኔ ውል «የዳሌ ችግር ከተገኘ ሌላ ቡችላ ይተካል» ይላል። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ከሥሩ ግን «ውሻው ከተመለሰ» የሚል አለበት። ዓመት ሙሉ እግርህ ሥር የተኛን ውሻ ማን ይመልሳል? ቢመለስስ ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ? አርቢውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ውሻው አንተ ጋ እያለ የሕክምና ወጪ የሚጋራ ወይም ከዋጋው የሚመልስ አንቀጽ እንዲገባ ጠይቅ። እምቢ ካለ ሌላ አርቢ ፈልግ።

ጀግና አሁን 6 ዓመቱ ነው። ክብደት እንዳይጨምር ምግቡን በሚዛን እሰጠዋለሁ፤ ብርድ ሲሆን ያነክሳል። ይህን ስጽፍልህ ጠረጴዛው ሥር ተኝቷል።

እስከ ሳምንት አትጠብቅ። ዛሬውኑ ለአርቢው ደውልና የእናቲቱን ሙሉ ስምና የምዝገባ ቁጥር ጠይቅ። ወዲያው ከሰጠህ በውስጥ ላክልኝ፤ አብረን እንፈልገዋለን። «ስትመጣ አሳይሃለሁ» ካለህም ጻፍልኝ።