መልስ፦ ሳይተኙ ማደርና በሲሙሌተር ላይ የሚታይ የእጅ ብቃት
ሌሊቱን በተረኝነት ያደረ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በሲሙሌተር (ቀዶ ሕክምናን አስመስሎ በሚያለማምድ መሣሪያ) ቢፈተን ብቃቱ በርግጥ ይቀንሳል ወይ ላሉት ጥያቄ፣ መልሱ አዎን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ ሐኪሞቹ ሳይተኙ ባደሩ ማግስት በላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና) ሲሙሌተር ሲሠሩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከተኙበት ጊዜ ይልቅ ስሕተታቸው በ20 በመቶ፣ የወሰደባቸውም ጊዜ በ14 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። በእኔ ግምት ይበልጥ የሚያሳስበው የስሕተቱ መብዛት ነው፤ መዘግየትንማ አጠገቡ ያለ ባልደረባ ወዲያው ያስተውለዋል። እርግጥ ነው፣ የተፈታኞቹ ቁጥር ጥቂት ነበር፤ ደግሞም በሲሙሌተር ላይ የሚደማ ሕመምተኛ ስለሌለ፣ በእውነተኛው የቀዶ ሕክምና ክፍል የሚፈጠረው ንቃት ድካሙን ለጊዜው ሊሸፍነው ይችላል፤ ስለዚህ አኃዙን እንዳለ ወደ ሆስፒታል መውሰድ አይገባም።